ካርታ ከመነሣቱ በፊት ስለሚደረገው ለቀማ

ቡና ከዛፉ ተለቅሞ፥ ደርቆና ተፈትጎ ከገለባው ሲለይ ሥራው ገና አላለቀም። ጥቁሩ ፍሬ፥ የተሰበረው፥ ድንጋዩና እንጨቱ በእጅ እየተለቀመ እስኪወጣ ድረስ ለገበያም ለጀበናም አይበቃም። የለቃሚዋ እጅ የፈጠነ፥ ዓይኗም የሰላ መሆን አለበት፤ የሚጣለውን ብታስቀር ቡናው ይበላሻል፥ የሚቀረውን ብትጥል ደግሞ ባለቤቱ ይከስራል። ይህ ለእኛ ለኢሉባቦር ልጆች አዲስ ነገር አይደለም። ነገር ግን ካርታ የሚያነሣ ሰው ከቡና ለቃሚ ጋር ተመሳሳይ ሥራ እንዳለበት ብዙዎቻችን አስበነው አናውቅ ይሆናል። በዚህች አጭር ጽሑፍ፥ ካርታ ከመነሣቱ በፊት ከተሰበሰበው መረጃ ውስጥ የማይፈለገው እንዴትና ስለ ምን እንደሚወገድ፥ ሲወገድም ምን ዓይነት ጥንቃቄ እንደሚያሻ ለመግለጽ እሞክራለሁ።

መረጃው ምን ይመስላል?

ቀድሞ ካርታ ይነሣ የነበረው አገሩን በእግር በመዞርና በመሣሪያ በመለካት ነበር። ቀጥሎ ከአውሮፕላን ላይ ፎቶግራፍ ማንሣት መጣ፤ በአገራችን 1፡50,000 የሆኑት ካርታዎች በአብዛኛው የተዘጋጁት በዚህ መንገድ ነው። ዛሬ ደግሞ ሳተላይት ከሰማይ ሆኖ ምድርን ሌትና ቀን ይመለከታል፤ የተሰበሰበውም ሁሉ በኮምፒዩተር ውስጥ ይከማቻል።

በኮምፒዩተር ውስጥ የሚቀመጠው የመልክዓ ምድር መረጃ ባጭሩ ሦስት መልክ አለው፤ እርሱም ነጥብ፥ መስመርና ስፋት ነው። የውኃ ምንጭ በነጥብ፥ የሶር ወንዝ በመስመር፥ የያዮ ደን በስፋት ይመለከታል። ከእያንዳንዱም ጋር እንደ መታወቂያ ወረቀት የሚያገለግል ዝርዝር ተያይዟል። «ዓይነቱ መንገድ ነው፤ የመንገዱ ደረጃ የእግር መንገድ ነው፤ ስሙ ይህ ነው» የሚል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ አገር የተጀመረው ኦፕን ስትሪት ማፕ የሚባለው የመረጃ ክምችት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በዓለም ዙሪያ ያሉ ፈቃደኞች የሚያውቁትን መንገድ፥ ወንዝና ቤት ይመዘግቡበታል፤ የፈለገም ሰው ያለ ክፍያ ይወስድበታል። የኢትዮጵያም መረጃ በውስጡ ይገኛል። ነገር ግን ክምችቱ እንደ ጎተራ ነው። አውራ ጎዳናው ከአጥሩ፥ ትምህርት ቤቱ ከኤሌክትሪክ ምሰሶው፥ ወንዙ ከአንዲት ዛፍ ጋር ተደባልቀው ይገኛሉ። ይህን ሁሉ እንዳለ በአንድ ወረቀት ላይ ያተመ ሰው ያገኘው ካርታ ሳይሆን በቀለም የተበከለ ወረቀት ነው።

ስለ ምን ሁሉም አይሣልም?

አንደኛው ምክንያት የቦታ ጥበት ነው። 1፡50,000 በሆነ ካርታ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ማለት በመሬት ላይ 50 ሜትር ነው። 1፡250,000 በሆነው ላይ ግን ያው 1 ሚሊ ሜትር 250 ሜትር ይሆናል። እንግዲህ 10 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ በእውነተኛ መጠኑ ይሣል ቢባል በ1፡250,000 ካርታ ላይ ውፍረቱ 0.04 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ይህን ደግሞ ዓይን አያየውም። ስለዚህ ካርታ አንሺው መንገዱን አወፍሮ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ያደርገዋል። ይህ ግማሽ ሚሊ ሜትር ግን በመሬት ላይ 125 ሜትር ይሸፍናል። በመንገዱ ግራና ቀኝ የነበሩት ቤቶች፥ ምንጮችና አጥሮች በዚያ መስመር ሥር ተቀበሩ ማለት ነው። አንዱ እንዲታይ ሌላው መሠዋት አለበት።

ይህንኑ በሌላ መንገድ ለማየት የወረቀቶቹን ቁጥር እንመልከት። የ1፡50,000 ካርታ አንዱ ወረቀት በኬክሮስም በኬንትሮስም 15 ደቂቃ ይሸፍናል፤ ይህም በእኛ አገር በየጎኑ ከ27 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። የ1፡250,000 አንዱ ወረቀት ግን በኬክሮስ 1 ዲግሪ፥ በኬንትሮስ 1 ዲግሪ ተኩል ይይዛል። አራት ጊዜ ስድስት 24 ነውና፥ በ24 ወረቀት ላይ ተዘርግቶ የነበረው አገር በአንድ ወረቀት ላይ ይሰበሰባል። ሃያ አራት እንግዶች በአንድ አልጋ አይተኙም።

ታዲያ ስንቱ ይቅር? ለዚህ ጥያቄ ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ቶፕፈር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አንድ ደንብ አውጥቷል። ደንቡ ከሒሳብ ክፍለ ጊዜያችን ውጭ አይደለም። የመጀመሪያው ካርታ የመጠን ቁጥር ለአዲሱ ካርታ የመጠን ቁጥር ይካፈልና የውጤቱ ስኩዌር ሩት ይወሰዳል፤ የተገኘው ቁጥር በመጀመሪያው ካርታ ላይ ባሉት ነገሮች ብዛት ይባዛል። ለምሳሌ በ1፡50,000 ካርታ ላይ 100 ጅረቶች ቢኖሩ፥ 50,000 ለ250,000 ሲካፈል 0.2 ይሆናል፤ የዚህም ስኩዌር ሩት 0.447 ገደማ ስለሆነ በአዲሱ ካርታ ላይ የሚቀሩት ጅረቶች ወደ 45 ይደርሳሉ። ወደ 1፡1,000,000 ብንሄድ ደግሞ 22 ያህል ብቻ ይቀራሉ። ደንቡ ስንት እንደሚቀር ይነግረናል፤ የትኞቹ እንደሚቀሩ ግን አይነግረንም። የካርታ አንሺው ፍርድ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው።

የሚወገዱት ምን ምን ናቸው?

አንደኛ፥ ከጉዳዩ ውጭ የሆነው ነው። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ያዘጋጁትና እ.ኤ.አ. በ1970 ተሻሽሎ የታተመው የኢትዮጵያ አትላስ፥ እንደ ማንኛውም አትላስ፥ ለየጉዳዩ የየራሱ ካርታ አለው። ስለ ዝናብ የሚናገር ካርታ የዝናቡን መጠን ለማሳየት ሲል ሌላውን ሁሉ ይተዋል። የእንግሊዙ ሃሪ ቤክ ለለንደን የምድር ውስጥ ባቡር የሠራው፥ እ.ኤ.አ. በ1933 ለሕዝብ የተሰጠው ካርታ ከዚህም አልፎ ሄዷል። ከላይ ያለውን የከተማውን መንገድ በሙሉ አስወግዶ ከተፈጥሮ ያስቀረው የቴምስን ወንዝ ብቻ ነው። ለተሳፋሪው የሚያስፈልገው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚወርድ ማወቅ ብቻ ስለ ነበረ ካርታው ተወደደ።

ሁለተኛ፥ የተደገመው ነው። የከተማችን ስም በአንዱ ጽሑፍ ኡካ፥ በሌላው ሁካ ተብሎ ይገኛል። ዞናችንም አንዴ ኢሉባቦር፥ አንዴ ኢሉ አባ ቦር ተብሎ ይጻፋል። መረጃው ከሁለት ምንጭ ተሰብስቦ ከሆነ ኮምፒዩተሩ አንዷን ከተማ ሁለት አድርጎ ሊያስቀምጣት ይችላል። ስለዚህ አንደኛው መውጣት አለበት። ነገር ግን «ስሙ ከተደገመ አውጣ» ብሎ በጭፍን ማዘዝ አደገኛ ነው። ቡሬ የሚባል ከተማ በኢሉባቦር አለ፤ በጎጃምም አለ። በስም ብቻ የሚለቅም ሰው ከሁለቱ ቡሬዎች አንዱን ከምድር ላይ ያጠፋዋል። ስለሆነም ስሙ ብቻ ሳይሆን የቦታው ኬክሮስና ኬንትሮስ አብሮ መመርመር አለበት።

ሦስተኛ፥ ጊዜው ያለፈበት ነው። ጎሬ የቀድሞው የኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች፤ ዛሬ የዞኑ ዋና ከተማ መቱ ነው። ጋምቤላ ቀድሞ በኢሉባቦር ሥር ነበር፤ ዛሬ ራሱን የቻለ ክልል ነው። ቡኖ በደሌም ራሱን የቻለ ዞን ሆኗል። የድሮውን ወሰን ከአሁኑ ጋር ደባልቆ የሚሥል ካርታ አንባቢውን ያሳስተዋል። ሆኖም የድሮው ወሰን ለታሪክ ተማሪ እጅግ ውድ ነገር ነውና ከዛሬው ካርታ ይወጣል እንጂ አይጣልም።

አራተኛ፥ ሐሰት የሆነው ነው። ጄምስ ሬኔል የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1798 በወጣ ካርታ ላይ በምዕራብ አፍሪካ «የኮንግ ተራሮች» የሚባል ረጅም የተራራ ሰንሰለት ሣለ። ሌሎችም ከእርሱ እየገለበጡ በካርታዎቻቸው ላይ አደረጉት። ፈረንሳዊው ልዊ ጉስታቭ ቤንዤ በአገሩ ተዘዋውሮ እ.ኤ.አ. በ1889 እንዲህ ያለ የተራራ ሰንሰለት እንደሌለ እስኪያረጋግጥ ድረስ፥ ለ90 ዓመት ያህል የሌለ ተራራ ሲገለበጥ ኖረ። «ሰው ሲያይ አይቼ» የሚሠራ ካርታ ይህን ያህል ይሳሳታል።

ዛሬም ሐሰት ከመረጃ ውስጥ አልጠፋም፤ መልኩን ብቻ ለወጠ። እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 2000 አንድ የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀን ውስጥ የአብዛኛውን የምድር ክፍል ከፍታ በራዳር ለክቷል። ነገር ግን ራዳሩ ጥቅጥቅ ባለ ደን ላይ ሲያርፍ የሚለካው መሬቱን ሳይሆን ወደ ዛፎቹ አናት የሚጠጋውን ከፍታ ነው። እንደ ያዮ ያለውን ደን በዚህ መረጃ የሚሥል ሰው ዛፉን ኮረብታ አድርጎ እንዳያቀርበው መጠንቀቅ አለበት። ደመናም እንዲሁ ነው፤ በሳተላይት ፎቶግራፍ ላይ የደመና ጥላ ሐይቅ ሊመስል ይችላልና ደመናውና ጥላው ተለይተው ይወጣሉ።

ለቀማው እንዴት ይካሄዳል?

ሥራው ለኮምፒዩተሩ ትእዛዝ በመስጠት ይከናወናል። «መንገድ የሆነውን ሁሉ አስቀር፤ ከመንገዶቹ መካከል የእግር መንገዱን አውጣ፤ ከወንዞች ስም ያላቸውን ብቻ ተው» እየተባለ በተራ ይታዘዛል። ትእዛዙ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለት ወጥመዶች አሉበት።

የመጀመሪያው ይህ ነው። መስመር ራሱ ከነጥቦች የተሠራ ነው። አንድ ወንዝ የሚሣለው በመታጠፊያዎቹ ላይ ያሉት ነጥቦች ተያይዘው ነው፤ እነዚህ ነጥቦች ደግሞ ስምም ዝርዝርም የላቸውም። «ዝርዝር የሌለውን ነጥብ ሁሉ አውጣ» የተባለ እንደሆነ ወንዙ አጥንቱ ወጥቶ ይወድቃል። ስለዚህ ከመስመር ጋር የተያያዙት ነጥቦች ከመስመሩ ጋር አብረው እንዲቀሩ መታዘዝ አለበት።

ሁለተኛው የትስስር ጉዳይ ነው። አንድ ረጅም መንገድ በመረጃው ውስጥ በብዙ ቁራጭ ይመዘገባል። ድልድዩ ለብቻው፥ ከተማ ውስጥ ያለው ለብቻው፥ ገጠሩ ለብቻው ነው። በመካከሉ ያለው ቁራጭ በዝቅተኛ ደረጃ ተመዝግቦ ከሆነ በለቀማው ይወጣና መንገዱ ወንዝ ዳር ደርሶ ይቆማል። ካርታውን የሚያይ መንገደኛ ድልድይ የለም ብሎ ይመለሳል። ከለቀማ በኋላ መስመሮቹ መገናኘታቸውን በጣት እየተከተሉ ማየት የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ጉዳቱ በማን ላይ ይወድቃል?

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ሥራው ዘዴ ነው። አሁን ግን ከዘዴው ይልቅ ወደ ከበደው ነገር ልመለስ። ለካርታ የማይፈለግ ማለት ለሰው የማይጠቅም ማለት አይደለም። ይህንም በሦስት ምሳሌ ላስረዳ።

የእግር መንገድን እንውሰድ። የአገሩን ዋና ዋና መንገዶች ለማሳየት የሚፈልግ ካርታ የእግር መንገድን ያወጣል፤ በዚህም አይፈረድበትም። ነገር ግን በኢሉባቦር ገጠር ብዙ ሰው ወደ ገበያ፥ ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደው በእግር መንገድ ነው። ያንኑ ካርታ ይዞ «ከጤና ጣቢያ የራቁት ቀበሌዎች የትኞቹ ናቸው?» ብሎ የሚያሰላ ሰው፥ ሰዎቹ የሚሄዱበትን መንገድ ስለማያየው መልሱ ይሳሳታል። በክረምት መሻገሪያ የምትሆነው የግንድ ድልድይም ከነመንገዷ ከካርታው ትጠፋለች።

ሁለተኛው ምሳሌ ቤት ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው የአፍሪካ ቤቶች መረጃ ከሳተላይት ፎቶግራፍ ላይ በኮምፒዩተር የተለቀመ ሲሆን፥ ለእያንዳንዱ ቤት «ቤት ለመሆኑ ይህን ያህል እርግጠኛ ነኝ» የሚል ቁጥር ሰጥቶታል። ተጠቃሚው እርግጠኛነቱ ዝቅ ያለውን አውጥቶ ከፍ ያለውን ማስቀረት ይችላል። ይህ በጎ ለቀማ ይመስላል። ዳሩ ግን የቆርቆሮ ክዳን በፀሐይ ያብለጨልጫልና ከሰማይ በግልጽ ይታያል፤ የሣር ክዳን ግን ከመሬቱና ከሣሩ ጋር ይመሳሰላል፤ ከዛፍ ጥላ ሥር ከሆነማ ፈጽሞ ይሸሸጋል። እንግዲህ መስፈርቱ በጠነከረ ቁጥር ከካርታው የሚወጣው የድኻው ቤት ነው። በዚህ ካርታ የክትባት መድኃኒት ወይም የእርዳታ እህል የሚያከፋፍል ሰው ቢኖር፥ ይበልጥ የሚያስፈልገውን ሰው አይቆጥረውም።

ሦስተኛው የእኛ አገር ልዩ ሀብት ነው፤ እርሱም ረግረጉ ነው። በኢሉባቦር በኮረብቶች መካከል ባሉት ሸለቆዎች ብዙ ትንንሽ ረግረጎች አሉ። ከዳርቻቸው ምንጭ ይፈልቃል፤ እናቶችና እኅቶች ከዚያ ውኃ ይቀዳሉ። ቤት የሚከደንበት፥ በበዓልም ወለል ላይ የሚጎዘጎዘው ጨፌ የሚታጨደው ከዚያ ነው። የሸለቆው ረግረግ በክረምት የጠጣውን ውኃ በበጋ ቀስ እያለ ለጅረቱ ይሰጣል። ከእነዚህ ረግረጎች አንዳንዶቹ በቆሎ ለመዝራት ተብሎ ውኃቸው በቦይ እንዲወጣ ተደርጓል።

አሁን ለቀማው በረግረጉ ላይ ምን እንደሚያደርግ እንይ። በካርታ ሥራ ከተወሰነ መጠን በታች የሆነ ስፋት አይሣልም። ወሰኑ በካርታው ላይ በየጎኑ 2 ሚሊ ሜትር ነው ብንል፥ በ1፡250,000 ካርታ ላይ ይህ በመሬት 500 ሜትር በ500 ሜትር፥ ማለትም 25 ሄክታር ነው። የ10 ሄክታር ረግረግ ስለዚህ ከካርታው ይወጣል፤ በዙሪያውም ያለው የእርሻ ቀለም ይሞላበታል። በዚህ ላይ ደመናው ይጨመራል። ሴንቲኔል ሁለት የሚባሉት፥ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2015 የተወነጨፈው ሳተላይቶች፥ በየ5 ቀኑ እየተመለሱ 10 ሜትር ድረስ የሚለይ ፎቶግራፍ ያነሣሉ። ነገር ግን በጎሬ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይዘንባል፤ በክረምት ሰማዩ አይገለጥም። ደመና ያለበት ፎቶግራፍ ሁሉ ሲወጣ የሚቀረው በአብዛኛው የበጋው ነው። ረግረጉም በበጋ ይጠባል። እንግዲህ ረግረጉ ሁለት ጊዜ ተለቅሞ ወጣ ማለት ነው፤ አንድ ጊዜ በትንሽነቱ፥ አንድ ጊዜ በወቅቱ። ካርታውን ከሩቅ ከተማ ሆኖ የሚመለከት ሹም ቦታው ባዶ መሬት ይመስለዋል፤ «ይታረስ» ቢልም ካርታው ይደግፈዋል። በየዋህነት የተደረገ ለቀማ ምንጭ ሊያደርቅ ይችላል።

ምን ይደረግ?

ከላይ ካየነው በመነሣት አምስት ነገሮችን ማስታወስ ይገባል።

1ኛ፥ ከሁሉ በፊት «ይህን ካርታ ማን ያነበዋል? ምንስ ሊያደርግበት?» ብሎ መጠየቅ ነው። ለመኪና ነጂ የማይረባው ለአዋላጅ ነርስ ያስፈልጋል።

2ኛ፥ ለቀማው በቅጂው ላይ እንጂ በዋናው መረጃ ላይ አይደረግ። ከካርታ ላይ የወጣ ነገር ነገ ይመለሳል፤ ከመዝገብ ላይ የጠፋ ግን አይመለስም።

3ኛ፥ ምን እንደ ወጣ በካርታው ግርጌ ይጻፍ። «ከ25 ሄክታር በታች የሆነ ረግረግ አልተሣለም» የምትል አንዲት መስመር አንባቢውን ከስሕተት ታድናለች። ያን ጊዜ ባዶው ቦታ «የለም» ሳይሆን «አልተሣለም» ማለት መሆኑን ያውቃል።

4ኛ፥ መጠን ብቻ አይፈረድበት። በደረቅ አገር ያለች አንዲት ምንጭ በውኃ አገር ካሉ አሥር ጅረቶች ትበልጣለች። ትንሽ ሆኖ ብቸኛ የሆነው በምልክትም ቢሆን መቅረት አለበት።

5ኛ፥ ካርታው ከመታተሙ በፊት በአገሩ ነዋሪ ፊት ይቅረብ። ሳተላይት የማያየውን እረኛ ያየዋል፤ ኮምፒዩተር የማያውቀውን የጅረት ስም ሽማግሌ ያውቀዋል።

ይህ የመጨረሻው ነገር የእኛንም ሥራ ያመለክታል። በሀሉ ወረዳ ያሉት ጅረቶች፥ ምንጮችና ረግረጎች ስም አላቸው፤ ስሙም በወላጆቻችን አፍ ላይ አለ። «ስም ያለውን ብቻ አስቀር» የሚል ትእዛዝ በተሰጠ ቁጥር ስሙ ያልተመዘገበው ጅረት ይወጣል። ጅረቱ ትንሽ ስለሆነ ሳይሆን ስሙን የጻፈለት ሰው ስለሌለ ነው። ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፥ በመጪው ዕረፍት ከቤተ ሰቦቻችን እየጠየቅን የየሰፈራችንን ውኃዎችና መንገዶች ስም በደብተር እንጻፍ፤ የት እንዳሉም እናመልክት። ወላጆቻችንም በትዕግሥት እንዲነግሩን፥ የጂኦግራፊ መምህራኖቻችንም የሰበሰብነውን መርምረው እንዲያርሙን እንለምናለን። ከዚያ በኋላ ካርታ አንሺው ሊተወው ቢፈልግ እንኳ አውቆ ይተወዋል እንጂ ሳያውቅ አይጥለውም።